ዋናውና ግልባጩ

አሰገደች ኃይለማርያም የተወለደችው ጅቡቲ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ጋር ተያይዘው ከተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቷ አቶ ኃይለማርያም የጣቢያው ጸሐፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ መጥተው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ፉርጎ ሲመዘግቡ ኖረው፣ እዚያው ጅቡቲ አረፉ። ለልጃቸው ያወረሱት ቤትም ገንዘብም የለም። አንድ ልማድ ግን አውርሰዋታል። በእሳቸው ጽሕፈት ቤት ማንኛውም መዝገብ በካርቦን በሁለት ይጻፍ ነበር። ዋናው ጅቡቲ ይቀመጣል፣ ግልባጩ በሚቀጥለው ባቡር ድሬዳዋ ይሄዳል። «ግልባጭ የሌለው ጽሑፍ የሰካራም ቃል ነው» ይሉ ነበር ሽማግሌው፤ «ሲነጋ ማንም አይመሰክርለትም።»

አሰገደች መነኮሳይያቱ ዘንድ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ፣ በአባቷ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። ባቡሩ በሳምንት ከሦስት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ምንም ሲወርድ የጽሕፈት መኪናዋም አቧራ ለበሰ። ባልደረቦቿ ወደ ንግድ ሲገቡ እሷ ቢሮው ጥግ ማንም ሳይከፍተው የከረመ ኮምፒውተር ነበርና እሱን መነካካት ጀመረች። አርባኛ ዓመቷን ልትይዝ ነበር። ከገበያ በፈረንሳይኛ የተጻፈ አሮጌ መማሪያ ገዛች፤ ያልገባትን በመዝገበ ቃላት፣ መዝገበ ቃላቱ ያልገባውን ደግሞ በኢንተርኔት ፈለገች። ሰዎች «ያለ አስተማሪ ተማረች» ሲሉ አትወድም። «አስተማሪማ ሞልቶኛል» ትላለች፤ «በየአገሩ ተቀምጠው ለማያውቁት ሰው ጥያቄ የሚመልሱ ደጋጎች አሉ። ስማቸውን አላውቀውም፣ በጸሎቴ ግን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።»

ይህ ታሪክ በሆነበት ጊዜ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አሰገደች አምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። የምትሠራው ከጣቢያው ጀርባ ባለችው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቤት ነው። ወደ የመን ለመሻገር በጅቡቲ የሚያልፉ ወጣቶች እዚያ ጎራ ይላሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ እግራቸውን ያሳርፋሉ። ብዙዎቹ በሰሜን ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኦቦክ ወጥተው፣ ከዚያ በጀልባ ይሄዳሉ። ሁሉም ግን አይደርስም። ዓመት ቆይቶ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጂማ ትመጣና «ልጄን አይታችኋል?» ትላለች። አሰገደች የመንገደኞችን መዝገብ የጀመረችው ለዚህ መልስ ብታጣ ነው። ስም፣ አገር፣ የሚደወልለት ዘመድ ስልክ፣ በመጨረሻም የአንድ ደቂቃ ድምፅ። ድምፁን የጨመረችው ከሚመጡት ወላጆች ማንበብ የሚችለው ጥቂት መሆኑን ስላየች ነው። የልጁን ድምፅ ግን የማያውቅ ወላጅ የለም።

መዝገቡ የሚኖርባት ኮምፒውተር የእጅ መዳፍ አታህልም። አንድ የፈረንሳይ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የተዋት ናት፤ ያለ ሳጥን፣ ያለ መሸፈኛ፣ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ ብቻ። አሰገደች ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አስገባቻት፤ አየር ያገኛታል፣ አቧራም አይወርሳትም። ትንሽ መብራት ትበላለች፤ መብራት ሲሄድም በመኪና ባትሪ ትሠራለች። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጭና፣ አንድ አሮጌ ማያ፣ ማለትም ስክሪን፣ ፊት ለፊቷ አድርጋ ሰላም ውላ ታድር ነበር፤ አንድ ድክመት ብቻ ነበራት። ሥርዓቱም መዝገቡም ጥፍር በምታህል የማስታወሻ ካርድ ላይ ነበር፤ መብራት ድንገት በጠፋ ቁጥር ካርዷ ትታመማለች። በአንድ በጋ ሁለት ካርድ ሞተባት።

ሦስተኛዋን ሳትቀብር አሰገደች መላ አገኘች። ትንሿ ማሽን ስትነሳ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከካርዷ ማንበቧ የግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የምትኖርበት ቤት ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ካርዷ እንደ ጣቢያ ደወል ሆነች፤ ደውላ ታስነሳለች፣ ባቡሩ የሚሄደው ግን በሐዲዱ ላይ ነው። ሐዲዱ ሦስት መቶ ሃያ ጊጋ የሚይዝ የውጭ ዲስክ ሆነ። ካርዷ ላይ ባለች አንዲት መስመር «ቤትሽን ይህ ቁጥር የታተመበት ዲስክ ላይ ፈልጊ» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ «አንደኛው ዲስክ ላይ» ብላ ነበር፤ አንደኛ የሚባለው ቀድሞ የነቃው መሆኑን ስታይ ግን፣ እያንዳንዱ ዲስክ ከውስጡ በተጻፈበት ረጅም ቁጥር ለወጠችው። በዚያ ቀን ደስ ብሏት ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ እልል ብላለች።

ኅዳር ላይ ደግሞ የአባቷን ልማድ ፈጸመች። አምስት መቶ ጊጋ የሚይዝ ሌላ ዲስክ ገዝታ፣ የመጀመሪያውን ከላይ እስከ ታች፣ ነጥብ ሳታስቀር ገለበጠችው፤ ልክ እንደ ካርቦን። ግልባጩ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሄዶ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩ ይመጣና አዲሱ ይጨመርበታል። የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ፀጋው ወሳጅና መላሽ ሆኑ።

«ክብሪት ለምታህል ዕቃ ይህ ሁሉ ጣጣ» ይሉ ነበር ጋሽ ፀጋው። «ወረቀት እንኳ መብራት አይፈልግ።»

«ወረቀት አያወራም ጋሼ» ትላቸዋለች።

የካቲት መጣ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ጋሽ ፀጋው ግልባጩን አመጡ። አሰገደች ከማሽኗ ጋር አያያዘችው፤ ወዲያው ግን አሥራ አንድ መንገደኞች በአንድ ጊዜ ገቡና ውኃ፣ ምግብ፣ ቁስል ማጠብ ሲሆን ቀኑ አለቀ። ሥራውን ለነገ ብላ ዲስኩን እንደተሰካ ትታው ሄደች። ጎሕ ሲቀድ መብራት ጠፋ፤ ያረጀው ባትሪም አልቻለም። ጠዋት መጥታ ማሽኗን ጠፍታ አገኘቻት። አማትባ አስነሳቻት፤ እንደ ሁልጊዜው ተነሳች።

እኩለ ቀን ሲሆን ጋሽ ፀጋው ፌስታላቸውን ይዘው መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ጨርሺልኝና ልውሰደው፤ ዕቃ ቤቱ ሰባት ሰዓት ይዘጋል።»

አሰገደች ትእዛዙን መጻፍ እንደጀመረች በሩ ተከፈተ።

«አሴዋ! እንግዳ አመጣሁልሽ፤ ቶሎ ብለሽ አስተናግጂልኝ፣ ጫት ሊገባ ነው!» ከሁለት በር ወዲያ ቬንቲላተር፣ የአየር ማራገቢያ፣ የሚጠግነውና ዲስክ የሚሸጠው ዓብዱረዛቅ ነው። የጅቡቲ ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ አጎቱ ቤት ስላደገ አማርኛው ከሶማልኛው ይፈጥናል።

«አንተ ደግሞ ጫት ጫት ስትል አንድ ቀን ቅጠል ታበቅላለህ» አለች አሰገደች። ከኋላው የቆመውን ሰው ስታይ ግን ተነሳች። ስድሳ ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን በከተማው ሙቀት ያላወለቁ፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ ገበሬ ነበሩ።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ደጉ እባላለሁ እታለም። ከመርሳ ነው የመጣሁ፣ ከወሎ። ልጄን ፈልጌ ነው። ማርያማዊት ትባላለች። እዚህ የመንገደኛ ስም የምትጽፍ ሴት አለች አሉኝ።»

«መቼ ነው የሄደችው?»

«መኸሩ ሲሰበሰብ። አንዴ ስልክ መታች፣ ወደ ወንድሜ ልጅ ስልክ። ከዚያ ወዲህ እሱም ሱዳን ወረደ፤ ስልኩም ከሱ ጋር ሄደ።» አቶ ደጉ ውኃውን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት። «አንቺ ዘንድ ካለች እሰዬው። ከሌለች በስምንት ሰዓት መኪና አለኝ። ሰውዬው ከዚሁ በር ወስዶ ኦቦክ ያደርሰኛል። ከዚያ በጀልባ እሻገርና እዚያው እፈልጋታለሁ።»

ዓብዱረዛቅ ሳቁ ጠፋ። «አባባ፣ ባሕር ያውቃሉ?»

«ሚሌ ወንዝን አውቃለሁ።»

አሰገደች ተቀምጣ ስሙን ጻፈች፤ ማርያማዊት ደጉ። ማሽኗ ምንም የለም አለች። ማርያማዊትን ብቻ ጻፈች፤ ሁለት ማርያማዊቶች ወጡ፤ አንዷ ከአድዋ፣ አንዷ ከናዝሬት።

«በመንገድ ስም አውጥተውላት ይሆን? ዓረብ አገር ለመግባት ስም የሚለውጡ አሉ።»

«ራህመት ብያታለሁ ብላ ነበር ደላላይቱ።»

ራህመትም ብዙ ነበር፤ ከመርሳ ግን አንድም የለም። በአባት ስም፣ በአገር ስም፣ በዘመድ ስልክ ፈለገች። ፊቷ ሲለወጥ አቶ ደጉ ቀድመው አወቁ።

«የለችማ» አሉ።

«አባቴ፣ ሁሉም በዚህ አያልፍም። በዚህ አላለፈች ይሆናል።»

«እንግዲያው ሳትመዘገብ ሄዳለች።» ብርጭቆውን መሬት አስቀምጠው ከረጢታቸውን አነሱ።

«ትንሽ ይረፉ እንጂ» አለ ዓብዱረዛቅ። «ስምንት ሰዓት ገና ነው።»

ጋሽ ፀጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሐዘን ያየ ቤት ውስጥ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት የማያውቁ ሰው ነበሩ። «አሰገደች፣ እስከዚያ ያንን ግልባጭ ጨርሺው። ሰዓቱ ሄደ።»

አሰገደች ወደ ማያው ዞረች። ትእዛዙ አልቆ ተጽፏል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ አሁን ማሽኗ ከምትኖርበት ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላኛው ላይ አድርጊ፣ ሌላኛው ላይ ያለ እዚህ የሌለ ነገር ቢገኝ ደምስሺ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቷል። ጣቷን አነሳች።

«ይገርማል» አሉ አቶ ደጉ ከኋላዋ፣ ከረጢታቸውን እያዘሉ። «ስልክ የመታች ቀን፣ ድምፄን መነጽሯን በክር ላሰረች ሴት ትቼልሃለሁ ብላኝ ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ያንቺን ክር ሳይ ልቤ እሷ ናት ብሎኝ፤ ምን ላድርግ፣ ክር የሚያስር ብዙ ነው።»

የአሰገደች ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ምን አሉ አባቴ?»

«ክሩን ነዋ።»

አሰገደች መነጽሯን አውልቃ አየችው። የቀኝ ጆሮ ማንጠልጠያው በቀይ ክር ተጠምጥሟል። የተሰበረው የገና ዋዜማ ዕለት ነው፤ ቅዳሴ ለመሄድ ስትጣደፍ ተቀምጣበት። ከዚያ በፊት ይህ ክር አልነበረም። እንግዲህ ልጅቱ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ፊት የቆመችው ከገና በኋላ ነው። እዚህ ቆማ ድምፅ የሰጠች ልጅ ደግሞ ያልተጻፈችበት ቀን የለም። አሰገደች ራሷን ታውቃለች።

«ስልክ የመታችው መቼ ነው?»

«በገና ማግስት።»

ጣቷን ከቁልፉ መለሰችና የመዝገቡን መጨረሻ ገጽ ከፈተች። የመጨረሻው ስም የተጻፈው ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን ነው። ትናንት የጻፈቻቸው አሥራ አንዱ የሉም። ጥርም የለም፤ ታኅሣሥም የለም።

«ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች። ጋሽ ፀጋው ፌስታላቸውን ሳይቀር ለቀቁት።

«ጠፋ እንዴ?» አለ ዓብዱረዛቅ።

«አልጠፋም። ቆይ።» ማሽኗን ጠየቀቻት፤ አሁን የምትኖሪው የትኛው ዲስክ ላይ ነው? መልሱ በአንዲት መስመር መጣ። አምስት መቶው ላይ። ግልባጩ ላይ።

አሰገደች እጇን አፏ ላይ አደረገች። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት። ኅዳር ላይ ስትገለብጥ ካርቦኑ ፊደሉን ብቻ አይደለም ያሳለፈው፤ ማኅተሙንም ነው። ያ ረጅም ቁጥር ሁለቱም ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኗል። እስከ ትናንት ሁለቱ አብረው ተሰክተው ማሽኗ ተነስታ ስለማታውቅ ችግር አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ግን ካርዷ «ይህ ቁጥር ያለበት» ስትል ሁለቱም አቤት አሉ፤ ግልባጩ ቀድሞ ነቃ። ማሽኗም የሦስት ወር አሮጌ ቤት ውስጥ ገብታ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተቀምጣለች። ያቺን አንድ ቁልፍ ብትጫን ኖሮ አሮጌው በአዲሱ ላይ ይጻፍ፣ ከኅዳር ወዲህ ያለው ድምፅ ሁሉ ይደመሰስ ነበር።

«ለሁለት ሰው አንድ መታወቂያ ሰጥቻለሁ» አለች።

«ታዲያ እኔ ነግሬሽ ነበር፣ ወረቀት—» ሲሉ ጋሽ ፀጋው፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ዝም ቢሉልኝ ጾሙን ሙሉ ሽሮ አበላዎታለሁ።»



አሰገደች ማሽኗን በወጉ አጠፋች። የግልባጩን ገመድ ነቅላ፣ ዲስኩን ጋሽ ፀጋው ጭን ላይ አስቀመጠች። ዋናው ብቻ ቀረ። የሚሠራውን ሥራ ታውቀዋለች። «አንተ ታውቃለህ ጌታዬ» ብላ አስነሳቻት። ነጫጭ መስመሮች በጥቁሩ ማያ ላይ ወደ ላይ ይሮጡ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አሮጌው ዲስክ መብራት በድንገት ጥሎት ስለነበር ራሱን ይመረምር ነበር።

«ሞተ?» አሉ አቶ ደጉ። ምን እየተሠራ እንደሆነ ባያውቁም፣ የሁሉም ዓይን ያረፈበት ላይ ዓይናቸውን ጥለው ነበር።

«አልሞተም አባቴ። እየቆጠረ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰዉን።»

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ኦቦክ ወሳጁ ሰው ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል። አቶ ደጉ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ማያው አዩ። ዓብዱረዛቅ በሩ ላይ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ሰፊ ጀርባ ነበረው።

መስመሮቹ እንደገና ሮጡ። መዝገቡ ተከፈተ። አሰገደች መጀመሪያ መጨረሻውን አየች፤ አሥራ አንዱ የትናንት ሰዎች በየስማቸው ተሰልፈዋል። ከዚያ ጻፈች፤ ማርያማዊት ደጉ።

ማርያማዊት ደጉ፣ ከመርሳ። ታኅሣሥ ሠላሳ ቀን። ከጎኑም በራሷ በአሰገደች አጻጻፍ፤ «ወደ ዘመድ ሦስት ጊዜ ተደወለ፣ አልተነሳም።»

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አለች።

አቶ ደጉ ግን ቆመው ነበር የሰሙት። መጀመሪያ የሰው ትንፋሽ መጣ፤ ከዚያ አፍንጫ የመሳብ ድምፅ።

«አባዬ፣ ማርያማዊት ነኝ። አትቆጣኝ። ባሕሩን አየሁት፤ ኦቦክ ደርሼ አየሁት። ፈራሁና ተመለስኩ። ደላላዋ እንዳታገኘኝ ስልኬን ጣልኩት። ሀዊ የምትባል ሴት ልብስ መስፋት ታስተምረኛለች፣ እሷ ቤት ነኝ። ዋራበሌ ይባላል ሰፈሩ፣ ባልባላ ውስጥ፣ ውኃ የሚቀዳበት ሰማያዊ ታንከር አለ፣ እሱ ጋ። አልተሻገርኩም አባዬ። ለእናቴ ንገራት። አልተሻገርኩም።» ከዚያ ልቅሶ ብቻ ነበር፤ ደቂቃዋ እስክታልቅ።

ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። አቶ ደጉ ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ጎተቱ። ገልጠው ሲወጡ ዓብዱረዛቅ ከበሩ ገለል አለላቸው።

«ሂድ ልጄ» ሲሉ ተሰሙ ከውጭ። «እኔ ባሕር ላይ ጉዳይ የለኝም።»

«ሌላ ሰው አስቀርቼ ቦታ ይዤልህ እኮ!»

«ቦታዬን ለውኃው ተውለት።»

ዓብዱረዛቅ የፒክአፕ መኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ይቀረዋል፤ ከተማው ሁሉ ወደ ጫቱ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። «አባባ፣ ይምጡ። ዋራበሌ ሩቅ አይደለም። ያንን ታንከር አውቀዋለሁ፣ ፓምፑን የጠገንኩት እኔ ነኝ።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ጋሽ ፀጋው ዲስኩን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አቀፉት። «ዕቃ ቤቱ ይዘጋ» አሉ። «ነገም ቀን ነው። አንቺ ግን ሥራሽን አስተካክይ።»

አሰገደች አስተካከለች። ማሽኗ በዋናው ላይ ተነስታ እያለች ግልባጩን መልሳ ሰካችውና አዲስ ቁጥር ሰጠችው፤ ከእንግዲህ ካርዷ ስትጠራ አቤት የሚለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን እንደተሰኩ አንዴ አጥፍታ አስነሳቻት፤ ማሽኗ ሦስት መቶ ሃያው ላይ ቆመች። ደግማ አጥፍታ አስነሳቻት፤ አሁንም እዚያው። ከዚያ በኋላ ነው ያቺን አንድ ቁልፍ የተጫነችው። የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ግልባጩ ሲሻገሩ እያየች በልቧ «አቤቱ ጌታ ሆይ፣ ስላስተማርከኝ ብቻ ሳይሆን ስላስቆምከኝም ተመስገን» አለች።

ስልኳ ጮኸ።

«አሴዋ፣ አገኘናት!» ዓብዱረዛቅ ነው፤ ከኋላው የስፌት መኪና ድምፅና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። «ልጅቱ የአባቷን እግር እያጠበች ነው። ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። እኔን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ጫቴም አለቀ።»

«እግዜር ይክፈልህ አብዱ።»

«እሱ ይክፈለኝ፣ አንቺ ግን ያቺን ዲስክ ሌላ ጊዜ በስሟ ጥሪያት። ቆይ፣ ልጅቱ ታናግርሽ።»

ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማማ? ያ ድምፄ… አባቴ ሰማው?»

«ሰምተውታል፤ አንዴ በቃቸው።»

«ያለቀስኩትንም?»

«ያለቀስሽውንም።»

«ወይኔ! አጥፊልኝ እባክሽ። ሰው እንዳይሰማው።»

አሰገደች ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እዚህ ቤት ማጥፋት የሚባል የለም ልጄ፤ አሁን በሁለት ነው ያለሽው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትሽን ይዘሽ ነይና ሳትለቅሺ ሌላ ትሰጪኛለሽ።»